ካዎ ጦና ምን ብሎ ነበር? ከሶዶ እስከ ዳልቦ በፒስታ

ኅዳር ሲገባ የታሪክ ዓምድ አዘጋጅ ሁሉ ዐድዋን ማሰብ ይጀምራል። ዘንድሮ ከዐድዋ አሥራ አምስት ወር ወደ ኋላ ሄጄ የ1887ቱን የወላይታ ዘመቻ ልጻፍ ስል አዘጋጃችን ትንሽ ዝም አለና፣ «ከባድ ነው፤ ቀለል አድርገህ አምጣው» አለኝ። ቀለል ማድረጊያው ብስክሌት መሰለኝ። ከአንድ የሶዶ ወዳጄ ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት ተዋስኩና ወጣሁ።

ፈረንጆቹ በአስፋልትና በተራራ ብስክሌት መካከል «ግራቭል» የሚሉት አዲስ ዘርፍ አላቸው። መሪው እንደ ኮርሳ የተቆለመመ፣ ጎማው ግን ጠጠር የሚችል ነው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለብቻው የዓለም ሻምፒዮና ያካሂድበታል። ነገሩ በጥንታዊ መንደሮች መሀል በሚያልፍ የጠጠር መንገድ መጋለብ ነው፤ ወላይታ ውስጥ ጤፍና ጣውላ በብስክሌት የሚያመላልስ ሰው ይህን ሲሠራ የኖረው ሻምፒዮና ሳያስፈልገው ነው።

ሶዶ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። በአረካ ወደ ሆሳዕና፣ በቦዲቲ ወደ ሻሸመኔ፣ በሁምቦ ወደ አርባ ምንጭ፣ በገሱባ ወደ ሳውላ፣ በበሌ ወደ ዳውሮ የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ ከእሷ ይነሣሉ። በእነዚህ መሀል ያሉት ፒስታዎች ደግሞ ዘመናቸው የተለያየ ነው። ገሚሱ የድሮ የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። ገሚሱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው፣ ሽማግሌዎች እስካሁን «ዋዱ» የሚሉት የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ገበሬ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ሲያሰፍር ያስጠረገው ነው። የቀረው ከ2003 ወዲህ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ገረጋንቲ ያለበሱት ነው። ገረጋንቲው አዲስ ሲሆን ጎማ ያንሸራትታል፤ ሲያረጅ ቀዩ አፈር ይወጣና ዝናብ በነካው ቁጥር ፍሬኑ ውስጥ እንደ ሊጥ ይጠቀጠቃል።

ዳሞታ ተራራን በጎን እያዩ ነው የሚሄዱት። ከተራራው ምዕራባዊ ገጽ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፈረንሳውያን፣ ከዚያም አሜሪካውያን አርኪኦሎጂስቶች ቆፍረው 50,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎችን አግኝተውበታል። ተራራውን ያለ እሱ ማለፍ ስለማይሆን ጠቀስኩት እንጂ የዛሬው ጉዳዬ ከተራራው በታች ያለው ዳልቦ ነው። የአካባቢው ሰው የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ የካዎ ጦና ግቢ የነበረበት ነው የሚለው ስፍራ።

ነገሩን ባጭሩ ለማስታወስ፦ ወላይታ በንጉሥ፣ በራሷ አጠራር በካዎ፣ የምትተዳደር አገር ነበረች። ከጦና በፊት አባቱ ጋጋ፣ ከጋጋ በፊት ጎቤ ነግሠዋል። አፄ ምኒልክ ወደ ደቡብ ሲስፋፉ የጅማው አባ ጅፋር ቀድመው ገበሩ፤ በዚህም አገራቸውን በራሳቸው ሰው እያስተዳደሩ ቆዩ። ጦና ግን እንዲገብር የተላከበትን መልእክት አልተቀበለም። በፊት የተላኩ የጦር አለቆች ስላልሆነላቸው በኅዳር 1887 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ፤ ራስ ሚካኤልም፣ ያው የጅማው አባ ጅፋርም ተከትለዋቸው ነበር። ወላይታ ጦር፣ ጋሻና የመከላከያ ጉድጓድ ነበራት፤ የዘመተባት ጠመንጃ ነበረው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከዚያ ዘመን መስፋፋት እጅግ ደም ካፈሰሱት ዘመቻዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። የሟቹን ቁጥር እየጠቀሱ የሚከራከሩ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በአሥር ሺዎች ስለሚራራቅ እዚህ አላሰፍረውም።

ለምን ያን ጊዜ? ክፉ ቀን የሚባለው የረኃብ ዘመን ገና ማለፉ ነበር። የከብት በሽታው የሰሜኑንና የመሀሉን አገር በረት ባዶ አድርጎታል፤ ወላይታ ደግሞ ከብት የሞላባት አገር ነበረች። ይህን ምክንያት ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የማየው በአንድ ምስክር የተነሣ ነው።

ምስክሩ ዮሴፍ ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የአንድ የንግድ ኩባንያ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ መጥቶ ሳለ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘመተ፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍም ያየውን ጻፈ። ወታደር አይደለም፤ የተመለከተውም አላስደሰተውም። ለንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ 18,000 ከብትና 1,800 ባሪያ ደረሰ ይላል። ነጋዴ ነውና መቁጠር ያውቅበታል ብዬ አምነዋለሁ።

ክርክሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ጦና ቆስሎ ተማረከና ወደ ምኒልክ ድንኳን ቀረበ። ፈረንሳዊው እንደሚለው ንጉሠ ነገሥቱ ለምን ቀድመህ አልገባህም ብለው ሲጠይቁት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ኩራቴን ሰምቼ ሕዝቤን አስፈጀሁ፣ የወገኖቼ ደም በራሴ ላይ ነው በሚል ስሜት መለሰ። ይህን ንግግር በዘመቻው ላይ የጻፉ ብዙዎች ይዘውት አልፈዋል፤ ለአሸናፊ የሚመች ንግግር ነውና። ወላይታ ውስጥ ግን ጦና የሚታወሰው እንቢ ባለው ነው። ስሙን ለልጅ ማውጣትም፣ በስሙ መሥሪያ ቤት መሰየምም ከዚያ የመጣ ነው። የተጸጸተ ንጉሥ ጦና ብሎ የሚያወራ አልገጠመኝም።

ማንን ልመን እያልኩ ፔዳል እየመታሁ ነበር። ዳልቦ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬ ምስማር በላ። ሰው ጠቁሞኝ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ገፍቼ ደረስኩ። ከጓሮው የእንሰቱ ቅጠል ከጣሪያው ይበልጣል፤ ከፊቱ የተጋጠ ሣር ያለበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ወላይታ «ጉታራ» የሚለው፣ ሰው የሚሰበሰብበትና ነገር የሚነጋገርበት። ጎሚስታው ካላማዳሪውን አወጣና የውሃ ሳፋ ውስጥ ከተተው፤ አረፋ የተነሣበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዞ ሞረደና ማስቲሽ ቀባ። እስኪደርቅ እያየን አንድ አባት መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ስንት ወጣበት?» አሉኝ ብስክሌቱን እያዩ።

«የኔ አይደለም አባባ፤ ተውሼ ነው።»

«እኔም ተውሼ ነው ብዬ ነበር ግብር ሊሰበስቡ የመጡ ጊዜ፤ ስለ በሬዬ» ብለው ሳቁ። «እና አመኑኝ መሰለህ? እነሱም እንዳላመኑ፣ እኔም እንደዋሸሁ እናውቃለን። ግን እንዲያ ይባላል።»

እንዲያ ይባላል! ስለ ጦና የመጣልኝ መልስ ይህ ነው። በአገራችን የተሸነፈ መኳንንት ድንጋይ ተሸክሞ ገብቶ ጥፋቱ የኔ ነው ይላል፤ የማሩኝ ሥርዐት ነው። ቃሉ የሰውየው ሐሳብ ሳይሆን የሥርዐቱ ቃል ነው። ለጦና ደግሞ ሌላም ነገር ተጨምሯል። ንግግሩ በወላይትኛ ተነግሮ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው። አስተርጓሚው የቆመው በድል አድራጊው ድንኳን፣ የሰማውም የገበሩት መሳፍንት ጭምር ባሉበት ነው። ለእነሱ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፦ ያልገባ ሰው በራሱ ላይ ፈረደ። ጦና ምንም አላለም የሚሉትንም አልከተልም፤ የቆሰለ ምርኮኛ የቀረበለትን ቃል ይላል። ከብቱን የቆጠረውን ፈረንሳዊ አምነዋለሁ፤ የጦናን ልብ የጻፈውን ፈረንሳዊ ግን አላምነውም።

ከዚያ ጦና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ወላይታም ከመሀል አገር ለሚላኩ ሹማምንት ተሰጠች። ሶዶ የሥልጣኑ ከተማ ሆነች፤ እያደገችም ሄደች። ከካዎ አማዶ ጊዜ የቀረ ነው የሚባለው ካብ፣ የአጆራ ፏፏቴ፣ የሁምቦ 2,728 ሄክታር ያገገመ ደን፣ ሁሉም ብስክሌት በሚያልፍባቸው መንገዶች አጠገብ ናቸው። ስለ እነሱ ሌላ ቅዳሜ እመጣበታለሁ፤ እዚህ ላይ አዘጋጁ «ለዛሬው አገናኘው» ብሎ ማሳሰቡ አይቀርም።

ይኸው። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካ ማዕከል ናት፤ ለስብሰባ የሚመጣው ሰው ብዙ፣ አርፎ የሚያየው ነገር ጥቂት ነው። በዳልቦ፣ በቦዲቲና በአረካ መካከል የብስክሌት መንገድ ለማውጣት አስፋልት አያስፈልግም፤ ፒስታው አለ። የሚያስፈልገው በየመታጠፊያው ሁለት መስመር የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ምሳ የሚያቀርብ ቤት፣ እንዲሁም ጎሚስታ ነው። ጎሚስታው አለ።

ካላማዳሪው ደርቆ ጎማዬ ተነፋ። ሽማግሌው ሂሳቤን ልክፈል ቢሉኝ እንቢ አልኩ። «እንግዲህ ሲያባብሉህ እንቢ ካልክ፣ ለኔ ልትገብር ነው» አሉና አንድ የተቀቀለ ቦዬ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩ። ካቴናዬን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ሶዶ ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ ውስጥ የገባው ቀይ አፈር ይጮህ ነበር።