ጥሩ ብየዳ የሚጀምረው እሳቱ ሳይነሳ ነው

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይባላል። ወናፍ እየነፉ ማረሻና ማጭድ ከሚሠሩ አባቶች ዘንድ ላደግን ሰዎች ይህ አባባል እውነት ነው። በብየዳ ግን፣ በዕብራይስጡ «ሪቱኽ» በሚባለው ሥራ፣ ብዙው ነገር የሚወሰነው ብረቱ ሳይግል በፊት ነው።

የበረንዳ ብረት ላይ ሕፃን ይደገፍበታል። ብየዳው ከላይ አምሮ ከውስጥ ካልያዘ፣ ጉዳዩ የሚታወቀው በለቀቀ ዕለት ነው። ስለዚህ በኤሌክትሮድ ለሚበየድ ተራ ብረት ዋና ዋናዎቹን ነገሮች በቅደም ተከተል እንመልከት።

ማጽዳት፦ ዝገት፣ ቀለም፣ ዘይትና እርጥበት ሲግሉ ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ በቀለጠው ብረት ውስጥ ታምቆ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ይተዋል። መገጣጠሚያውን በብረት ብሩሽ ወይም በግራይንደር እስኪያበራ ያጽዱ። ወፍራም ብረት ከሆነ ጠርዙን በሰያፍ ይሞርዱት፤ ያን ጊዜ ብየዳው ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ኤሌክትሮድ፦ 6013 ለስስ ብረትና ለቀላል ሥራ ይመቻል። 7018 የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ግን እርጥበት ከያዘ ብየዳው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ኃይል፦ ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 130 አምፔር አካባቢ ይበቃል። ትክክለኛው ልክ በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ኃይሉ ሲያንስ ብየዳው ሳይዋሐድ ከላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ሲበዛ ጠርዙን ይበላል፣ ስሱን ብረት ይበሳል። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ከብረቱ የሚርቀው በራሱ ውፍረት ያህል ብቻ ይሁን።

ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ያያይዙ፤ ማዕዘኑን ይለኩ። ከዚያ ከወዲያና ከወዲህ እያፈራረቁ ይበይዱ። በአንድ ወገን ብቻ ከተሄደ ሙቀቱ ብረቱን ይስበዋል፤ የተጣመመውን ማቃናት ደግሞ ከብየዳው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

መጠን፦ ሁለት ብረት በማዕዘን ሲገናኝ ጎኑ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ብየዳ በሚበቃበት ቦታ 8 ቢደረግ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እናስላው፦ 6 በ6 36 ነው፤ 8 በ8 64። የሚፈሰው ብረት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ኤሌክትሮዱም፣ ሰዓቱም፣ ብረቱን የሚያጣምመው ሙቀትም አብረው ይጨምራሉ።

ጤና፦ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ጭሱ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ወተት መጠጣት አይከላከለውም። መበየጃውን ቦታ ከዚንኩ ያጽዱ፤ ነፋስ ባለበት ይሥሩ።

ሲጨርሱ ቅርፊቱን አራግፈው በደንብ ብርሃን ይመርምሩ። ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ካዩ በላዩ አይደርቡበት፤ ያ መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም። ሞርደው ያውጡትና እንደገና ይበይዱት።