የጀጎል በረንዳዎችና የ45 ዲግሪ ቆረጣ

ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ፣ በከተማዋ የሰፈሩ ህንዳውያን ነጋዴዎች ሸቀጥ ብቻ አላመጡም፤ አዲስ የቤት አሠራርም ተከሉ።

የሐረሪዎች ነባር ቤት፣ ጌ ጋር፣ የድንጋይ ሥራ ነው። ውበቱም ወደ ውስጥ ነው፦ ከፍና ዝቅ ያሉት ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች)፣ ግድግዳው ላይ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች። የህንዶቹ ቤት ግን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ የእንጨት በረንዳና የተቀረጸ ጌጥ ይዞ መጣ። «ራምቦ ቤት» የሚባለው ሙዚየም ከእነዚህ አንዱ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሐረር መኖሩ እውነት ነው፤ ቤቱ ግን እሱ በ1884 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። የራምቦ ስም ገንኖ የአናጢዎቹ ድካም መረሳቱ ያሳዝናል።

ድካሙ ቀላል አይደለምና። የአንድ መስኮት ክፈፍ ማዕዘኖች በሰያፍ እንዲገጥሙ ከተፈለገ ስምንቱም ጫፎች በ45 ዲግሪ መቆረጥ አለባቸው። በእያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ ስህተቱ ተደምሮ በመጨረሻው ማዕዘን የ4 ዲግሪ ክፍተት ይፈጥራል! በእጅ መጋዝ ሲሠራ መፍትሔው ጣውላውን አቅፎ መጋዙን በተሰነጠቀ መስመር የሚመራ የእንጨት ሳጥን ነው። ዛሬ በጠረጴዛ መጋዝ ላይ የሚንሸራተተው መሪ ሰሌዳም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

በግንብ የታጠረው ነባሩ የሐረር ከተማ፣ ጀጎል፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የነጋዴዎቹ ቤቶችም ከጌ ጋር ጎን ለጎን የከተማዋ መልክ ተብለው ተቆጥረዋል።