ፊልሙ የማን ነው?

አሊስ ጊ ፓሪስ ውስጥ በጎሞን ኩባንያ ጸሐፊ ነበረች። ፊልም ልሥራ ብላ ስትጠይቅ፣ የቢሮ ሥራዋን እስካላስተጓጎለ ድረስ ተፈቀደላት። በ1896 እ.ኤ.አ. ከጥቅል ጎመን ሥር ሕፃናት የምታወጣ ተረታዊት ሴት የምትታይበትን አጭር ፊልም ሠራች። በ1910 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሶላክስ የተባለ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች።

ታዲያ ለምን አናውቃትም? በዚያ ዘመን ፊልም ላይ የዳይሬክተር ስም ብዙም አይጻፍም ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ሥራዎቿ በኋላ ለወንድ ባልደረቦቿ ተሰጡ። በ1927 የዋሽንግተኑን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብትፈትሽ አንድም ፊልሟን አላገኘችም። የሕይወት ታሪኳን ጻፈች፤ መጽሐፉ የወጣው ግን በ1976፣ ከሞተች ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ በሕይወት እያለች መረሳቷ ነው። ስም መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለእሷ ግን የዕድሜ ልክ ሙግት ሆነባት።