አለትን በመኪና ስለ መቁረጥ፤ ከሙከራ የተገኘ ትምህርት

አለት የሚቆርጥ መኪና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የብረትና የሞተር ታሪክ ተደርጎ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምናስበው፣ አንድ መልካም ሐሳብ መቶ ዓመት ያህል ተጥሎ ከኖረ በኋላ እንዴት እንደ ተነሣና ሙከራ ለዚህ ምን እንደ ረዳ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1846 አንሪ ሞስ የተባለ የቤልጅግ መሐንዲስ የአልፕስን ተራራ ለመብሳት አስቦ፣ በቶሪኖ አጠገብ ከ100 በላይ መሰርሰሪያዎች ያሉበት መኪና አሠራ፤ ነገር ግን ከ1848 ሁከት በኋላ ገንዘብ ስለ ታጣ መኪናው ወደ ተራራው ሳይገባ ቀረ። በ1853 ደግሞ ቻርልስ ዊልሰን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የሁሳክ ተራራ ላይ ሌላ መንገድ ሞከረ። የእርሱ መኪና አለቱን የሚቆርጠው በሚሽከረከሩ ክብ ብረቶች ነበር። ይሁን እንጂ 3 ሜትር ያህል ብቻ ገብቶ ተበላሸ። ዋሻው በመሰርሰሪያና በፈንጂ ተሠርቶ በ1875 ባቡር አለፈበት፤ የክብ ብረቱም ሐሳብ ከመኪናው ጋር አብሮ ተጣለ።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ከባሕር በታች ሊሠራ በታሰበው ዋሻ፣ የቦሞንት መኪና በሁለቱም ዳርቻ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ቆፈረ። ነገር ግን አለቱ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ስለ ነበረ፣ ውጤቱ ስለ ጠንካራ አለት ብዙ አያስተምርም ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ጄምስ ሮቢንስ በደቡብ ዳኮታ ለኦዋሂ ግድብ የሠራው መኪና አለቱን የሚፍቁ ጥርሶችና የሚሽከረከሩ ክብ ብረቶች አንድነት ነበሩት። በ1956 ሮቢንስ በቶሮንቶ ጠንከር ያለ አለት ሲገጥመው የመኪናው ጥርሶች እየተሰበሩ አስቸገሩ። ጥርሶቹን አውልቀው በክብ ብረቶቹ ብቻ ቢሞክሩ፣ ሥራው እንደ በፊቱ ቀጠለ። የዊልሰን ሐሳብ ትክክል እንደ ነበረ በዚህ ታወቀ፤ የጐደለው ጠንካራ ብረትና በቂ ግፊት ነበር።

ምክንያቱን ያብራሩት የላቦራቶሪ ሙከራዎች ናቸው። አለት ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ሲስቡት ግን የሚችለው ኀይል ብዙውን ጊዜ የዚያን አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ያነሰ ነው። አይቮር ኤቫንስ በእንግሊዝ አገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የድንጋይ ከሰል በሽብልቅ ሲገፋ የሚሰበረው ተስቦ በመሰንጠቅ መሆኑን በስሌት አሳየ። በ1965 ቲል አንድ ሜትር ኩብ አለት ለማውጣት የሚፈጀውን ጉልበት መለኪያ አድርጎ አቀረበ። በ1970ዎቹም በኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት ትልቅ የአለት ቁራጭ በእውነተኛ ክብ ብረት እየተቆረጠ ኀይሉ ይለካ ጀመር።

ከነዚህ ሙከራዎች የተገኘው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ክብ ብረቱ ሲጫን ከሥሩ ያለውን አለት ይፈጫል፤ ከዚያ የሚነሡት ስንጥቆች ከጎረቤት መስመር ስንጥቅ ጋር ሲገናኙ በመካከል ያለው አለት ተፈልጦ ይወድቃል። መስመሮቹ እጅግ ከተቀራረቡ ጉልበቱ ዱቄት በመፍጨት ያልቃል፤ እጅግ ከተራራቁ ደግሞ መካከሉ ሳይሰበር ይቀራል። እንግዲህ የመስመሮቹ ርቀት ከስለቱ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ይሁን እንጂ በላቦራቶሪ የተቆረጠ ድንጋይ ተራራውን ሁሉ አይወክልም። በአገራችን የግልገል ግቤ ሁለተኛው ማመንጫ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ሲቆፈር፣ በ2006 ከተሰባበረ አለት የመጣ ጭቃ መኪናውን ወደ ኋላ ገፋው። በ2010 ማመንጫው ከተመረቀ ከጥቂት ቀናት በኋላም የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ድንጋዩን መለካትና የተራራውን ስንጥቅና ውሃ ማጥናት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱም ሌላውን ሊተካ አይችልም።

ዊልሰን የተሸነፈው ሐሳቡ ስሕተት ስለ ሆነ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር፣ ሐሳቡን ከመጣላችን በፊት ያልተሳካበትን ምክንያት መለካት የተማሪም የመሐንዲስም ግዴታ ይመስለናል።