ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

የአገራችንን ተራራና ሜዳ የያዙ የድሮ ፎቶዎችን በተርታ ደርድራችሁ ብታዩ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። አብዛኞቹ የቀትር ናቸው። ሰማዩ ነጭ፣ ጥላው አጭር፣ ተራራው እንደ ካርታ የተዘረጋ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የተነሣ ፎቶ ለማግኘት ብዙ መቆፈር ያስፈልጋል። ለእኛ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ልጆች ደግሞ የከተማችን ውበት እዚያው ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ በወጨጫ በኩል ስታዘቀዝቅ፣ በሌላው ጫፍ የረር ለጥቂት ደቂቃ ሲቀላ፣ ዝገት የበላው የሰፈር ቆርቆሮ ሁሉ መዳብ ሲመስል። ታዲያ ይህ ሰዓት ከአልበሙ የት ሄደ?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የኢትዮጵያን መልክዓ ምድር ቀድመው በብዛት ፎቶ ካነሡት መካከል ዋናዎቹ ወታደሮች ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ከመሣሪያው ጋር ካሜራም ይዘው ነበር። መንገዳቸው ከባሕር ይጀምርና ተራራ ላይ ያበቃል። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ካለው የዙላ ጠረፍ ተነሥተው፣ በሰንዓፌ በኩል ደጋውን ወጥተው፣ መቅደላ አፋፍ ደረሱ። በየደረሱበት ሰፈሩን፣ ገደሉን፣ አምባውን አነሡ።

የዚያን ጊዜ ፎቶ ማንሣት ግን የጉልበት ሥራ ነበር። ፊልም የለም፤ ያለው መስተዋት ነው። መስተዋቱ በመድኃኒት ይቀባል፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅ ተመልሶ ጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከሁሉም በላይ ያ መድኃኒት የሚያየው ሰማያዊውን ብርሃን ነበር፤ ቀይና ብርቱካናማ ለእሱ ከጨለማ አይለይም። እንግዲህ አስቡት። በዙላ ጠረፍ ፀሐይ የምትወጣው ከባሕር በኩል፣ የምትጠልቀው ከደጋው ተራራ ጀርባ ነው። አመሻሹ ላይ ባሕሩና ተራራው በአንድ ቀይ ብርሃን ሲነከሩ ባለካሜራዎቹ ዕቃቸውን ከመሰብሰብ ሌላ ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። ምሽቱ ከፊታቸው ነበር፤ መስተዋቱ ግን ለዚያ ቀለም ዕውር ነው።

(ተራራውን አንሥተው አልበቃቸውም፤ የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁንም ከመቅደላ አንሥተው ወሰዱት። በዚያው የፈረንጆች ዓመት በእንግሊዝ አገር ዋይት በምትባል ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሣችው። የፊቱ ሐዘን እስከ ዛሬ ይታያል።)

ከዚያ በኋላ ካሜራው ቤት ውስጥ ገባ። በአፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወረሱ። ሥራቸው ሰው ነበር፤ ንጉሥ፣ መኳንንት፣ ካባ፣ ጎራዴ። በኋላ በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። መልክዓ ምድር ከፈለግህ ከጀርባህ በጨርቅ ተስሎ ይሰቀልልሃል፤ ፏፏቴ፣ ዘንባባ፣ አንዳንዴም አንድም ኢትዮጵያዊ አይቶት የማያውቅ በረዶ የለበሰ ተራራ። አያቶቻችን አብዛኞቹ ከዚያ ጨርቅ ፊት ቆመው ነው የምናውቃቸው። ውጭ ያለው እውነተኛው ተራራ ማንም አልከፈለበትም።

ካዛንቺስም የተወለደችው በዚህ መሀል ነው። ስሟ ከጣልያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜ የቀረ ነው፤ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት ምሕጻረ ስም ኢንቺስ ነበር፣ ቤቶቹ "ካዜ ኢንቺስ" ተባሉ፣ የአዲስ አበባ ሰው አፍ ቀሪውን ጨረሰው። ወራሪውም ካሜራ ነበረው። ሉቼ የተባለው የፋሺስቶች የፊልምና የፎቶ ተቋም መንገዱንና ድልድዩን፣ ሰልፉንና ባንዲራውን ቀረጸ። ማሳየት የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ይፈልጋል፤ ለማስታወቂያ የሚሆነው ብርሃን ቀትር ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛም ከነፃነት በኋላ ከዚህ አመለካከት ብዙ አልራቅንም። በ1950ዎቹ የአገሪቱን ቱሪዝም የመሠረቱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" የምንለውን፣ በፈረንጅ አፍ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የተባለውን መፈክር ፈጠሩ። ብልህ መፈክር ነበር፤ "ምድረ ቀደምት" እስኪተካው ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አገለገለ። ግን ልብ በሉ፤ ለዓለም የሸጥነው ፀሐይዋን እንጂ መጥለቋን አይደለም። ፖስተሮቹ ላይ ጎንደርና ላሊበላ ከሰማያዊ ሰማይ ሥር ቆመዋል።

የፊልሙም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ዝነኛው ባለቀለም ፊልም ኮዳክሮም ነበር፤ የፍጥነቱ ቁጥር 25 ወይም 64 ነው። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ድመት ነው፣ በጨለማ ያያል። በኮዳክሮም አመሻሽ ላይ ተራራ ለማንሣት ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መትከልና ትንፋሽን መያዝ ግድ ነው። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ብቻ በሚይዝበት፣ እሱም ለሠርግና ለክርስትና ተቆጥሮ በሚቀመጥበት አገር ደግሞ ማን ለጨለመ ሰማይ አንዱን ያባክናል?

ከዚህ ላይ የምድሪቱን አቀማመጥ ጨምሩበት። ፎቶ አንሺዎች ከመጥለቋ በፊት ያለውን ብርሃን "ወርቃማው ሰዓት" ይሉታል። መጽሐፎቹን የጻፉት ግን የሰሜን ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የራቀችው፤ ፀሐይ እንደ እነሱ አገር በሰያፍ እየተንሸራተተች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ ሩብ ጉዳይ ለ1 ባለው ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ሃያ ደቂቃን ብዙም አያልፍም። በሰኔ ለንደን ላይ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይቆያል። እኛ ያለን ወርቃማ ሰዓት ሳይሆን ወርቃማ ሩብ ሰዓት ነው። ታክሲ ተሰልፈህ ያመልጥሃል።

በዚያች ሩብ ሰዓት ደግሞ ብዙ ነገር ይሆናል። የካዛንቺስ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነው የሚያየው፤ ጨዋታው ግን ከጀርባው ነው። ፀሐይዋ ከወጨጫ ጀርባ እንደገባች በየረር በኩል ከአድማሱ ላይ ሰማያዊ ግራጫ መቀነት ይነሣል፣ ከበላዩ ሐምራዊ ቀለም ይከተላል። ያ መቀነት ደመናም ጭስም አይደለም፤ አየሩ ላይ ያረፈ የምድር የራሷ ጥላ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሌሊቱ ይቀልጣል።

ባሕር ስንልም ነገሩ ተቀይሯል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ጠረፍ የላትም። የዛሬ ወጣት ውኃ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ማንሣት ካማረው ሐዋሳ ነው የሚሄደው። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስላለች ፀሐይዋ ከውኃው ማዶ ትገባለች፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር አመሻሽ ላይ ስልኩን ያላወጣ ሰው የለም። ምጽዋ ይህንን አትሰጥም ነበር፤ እዚያ ባሕሩ የንጋት ነው። ለመጽናኛ ያህል ነው የጠቀስነው።

ደብዛዛውን ብርሃን በቁም ነገር የያዙት የእኛው ዘመን ሰዎች ናቸው። ሚካኤል ፀጋዬ ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ወደ ካሜራ ዞረ፤ አንኮበርን በጭጋግ ውስጥ አነሣ፣ የሚፈርሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችንም ተከታተለ። ግርማ በርታ የከተማዋን እግረኞች ከነጥላቸው በስልክ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥራ የሚታይበት መድረክ ሆነ። ስልኩ ሲመጣ ፊልም መቁጠር ቀረ፤ መስተዋቱ ያላየውን ቀይ ማንም ሊያየው ቻለ።

ካዛንቺስ ግን ብዙ አልጠበቀችም። በ1990ዎቹ በከፊል ፈርሳ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ለኮሪደር ልማት ሰፊው ክፍል ተነሣ። ነዋሪው ዕቃውን በጥድፊያ ጭኖ ወደየዳር ሰፈሩ ሄደ። ልማቱን መደገፍም መቃወምም ለየራሳችሁ እንተወው፤ እኛን ያንገበገበን ሌላ ነው። ሰባ፣ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰፈር ምሽቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ መዝገብ ቤት ሄደን የት እናገኛለን? የቀትሩን ካርታ እናገኝ ይሆናል። ጥብስ ቤቱ ከሰሉን ሲያያይዝ ጭሱ ከቆርቆሮው በላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚንሳፈፍበት፣ የየረር ቅላት የሚጠፋበት፣ የመጀመሪያው አምፖል የሚበራበት ሰዓት ግን መዝገብ ቤት ውስጥ ሳይሆን በየሰዉ አሮጌ ስልክ ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ያበጠ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ስልክ።

እነዚያን ስልኮች ቻርጅ አድርጓቸው። የምታገኙትን ፎቶ አውጥታችሁ በየትኛው በር ላይ፣ ወደየት ዞራችሁ፣ ከምሽቱ ስንት ሰዓት ላይ እንዳነሣችሁት ጻፉበት። የሰፈር ስም በአሮጌው አጠራር ይሁን፤ አዲሱን ማንኛውም ካርታ ይነግረናል።