አንድ ሐሳብ፣ ብዙ መንገድ፦ የበላጋ ጥናት ያነሣው ጥያቄና ታሪካዊ ጉዞው

የዐረብኛ በላጋ ጥናት ደጋግሞ የሚመለስበት አንድ ጥያቄ አለ፦ አንድ ሐሳብ በተለያየ አነጋገር ሲገለጽ የሚለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው ወይስ ትርጉሙም ጭምር? ጥያቄው የቋንቋ ጌጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የቁርኣን ኢዕጃዝ፣ ማለትም ሰዎች አምሳያውን ማቅረብ የተሳናቸው መሆኑ፣ በምን ላይ እንደቆመ ለማስረዳት የተነሡ ሊቃውንት ሊሸሹት አልቻሉም።

አልጃሒዝ (በ255 ዓ.ሂ. ያረፉ) ሐሳብ ዐረቡም ሌላውም በየመንገዱ የሚያገኘው የጋራ ሀብት ነው፤ ብልጫው ቃልን በመምረጥና በማሳመር ላይ ነው የሚል አቋም ነበራቸው። ቃዲ ዐብዱልጀባር (በ415 ዓ.ሂ. ያረፉ) በበኩላቸው ብልጫው በነጠላ ቃላት ሳይሆን በቅንጅታቸው እንደሚገለጥ አስረዱ።

ጥያቄውን ከሥሩ የመረመሩት ግን ዐብዱልቃሂር አልጁርጃኒ (በ471 ዓ.ሂ./1078 እ.ኤ.አ. ያረፉ) ናቸው። «ደላኢሉል ኢዕጃዝ» በተሰኘው ሥራቸው ስለ ፈላስፋው አልኪንዲ የሚነገር አንድ ዘገባ አስፍረዋል። አልኪንዲ «ዐብዱላህ ቆሟል» የሚለው ሐሳብ በዐረብኛ ያለ ማጽኛ፣ በአንድ ማጽኛና በሁለት ማጽኛ መነገሩን አይተው፣ ቋንቋው ትርፍ ቃል ያበዛል ሲሉ ነቀፉ። የተሰጣቸው መልስ ትርጉሞቹ ይለያያሉ የሚል ነበር፦ የመጀመሪያው ዜና ነው፤ ሁለተኛው ለጠያቂ የሚሰጥ ምላሽ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ለሚክድ ሰው የሚሰጥ ምላሽ ነው። ለአልጁርጃኒ «ነዝም»፣ ማለትም የንግግር ቅንብር፣ የሰዋስውን ፍቺዎች እንደ ዓላማው ማዋቀር ነው፤ ቅንብሩ ሲለወጥ ትርጉሙም አብሮ ይለወጣል።

ታዲያ አንድን ሐሳብ በብዙ መንገድ መግለጽ እንዴት ይቻላል? አልጁርጃኒ «የትርጉም ትርጉም» ሲሉ የሰየሙት ፅንሰ ሐሳብ መልሱን ይሰጣል። ስለ አንድ ሰው «አመዱ ብዙ ነው» ሲባል ሰሚው ከአመዱ ወደ እሳቱ፣ ከእሳቱ ወደ ምግቡ፣ ከምግቡ ወደ እንግዳው፣ በመጨረሻም ወደ ለጋስነቱ ይደርሳል። «ለጋስ ነው» ማለትም እዚያው ያደርሳል። መድረሻው አንድ ቢሆንም ኅሊና የሚጓዝበት መንገድ ይለያያል፤ በኪናያ መንገድ የደረሰ ሰሚ ለጋስነቱን ከነማስረጃው ያገኘዋል። ይህ ከእኛ ሰምና ወርቅ ጋር ቢቀራረብም አንድ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ በአብዛኛው በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ላይ ሲያርፍ፣ ኪናያ የሚያርፈው በነገሮች ተያያዥነት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አዝዘመኽሸሪ (በ538 ዓ.ሂ. ያረፉ) ይህን አስተሳሰብ «አልከሽሻፍ» በተባለው ተፍሲራቸው ሥራ ላይ አዋሉት። አስሰካኪ (በ626 ዓ.ሂ. ያረፉ) በሥርዓት አደራጁት፤ አልቀዝዊኒ (በ739 ዓ.ሂ. ያረፉ) ደግሞ በ«ተልኺስ» አሳጥረው መዓኒ፣ በያንና በዲዕ በተባሉ ሦስት ዘርፎች አቀረቡት። ትምህርቱ ለማስተማርና ለማጥናት ቀለለ። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ቅርጽን ከትርጉም ነጥሎ እንደ ጌጥ የመቁጠር ልማድ ተመልሶ መጣ፤ አልጁርጃኒ የታገሉትም ይህንኑ ነበር።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተርጓሚ ዛሬም ሕያው ነው። በዐረብኛ ተሳቢው ከግሡ ሲቀድም ብዙውን ጊዜ «ሌላውን ሳይሆን እርሱን ብቻ» የሚል ፍቺ ይሰጣል፤ የሱረቱል ፋቲሓ አምስተኛ አንቀጽ ታዋቂ ምሳሌው ነው። በአማርኛ ግን የተሳቢ መደበኛ ቦታ ከግሥ በፊት ነው። «ዘይድን መታሁ» ማለት ተራ ዜና ነው፤ የዐረብኛውን ፍቺ ለማግኘት «ዘይድን ብቻ መታሁ» ወይም «የመታሁት ዘይድን ነው» ማለት ያስፈልጋል። የቃላቱን ቅደም ተከተል የጠበቀ ትርጉም እዚህ ላይ መልእክቱን ይጥላል፤ ቃል የጨመረ ወይም ቅንብሩን የለወጠ ትርጉም ግን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ታማኝ ትርጉም የሚመዘነው በቃላት ቁጥር ሳይሆን፣ ቅንብሩ በዋናው ቋንቋ የሠራውን ሥራ በአማርኛም በመሥራቱ ነው።