መንደርደር እና መደርደር

የአሜሪካ የምርጫ ሰሞን በመጣ ቁጥር ጆሮዬን የሚኮሰኩሰው አንድ ነገር አያጣም። ያለፈው ዙር ላይ መኪናዬን እየነዳሁ የአማርኛ ራዲዮ ከፍቼ ነበር። ተንታኙ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እጩው በዚህ ውጤት ቅጽበታዊ ኃይል አግኝቷል» አለ። ቅጽበታዊ ኃይል! መብረቅ የመታው መሰለኝ። ሁለት መብራት ካለፍኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰውየው «ሞመንተም» ማለቱ ነው። ቃሉ ውስጥ «ሞመንት» የምትል ድምፅ ሰማ፣ ሞመንት ደግሞ ቅጽበት ናት አለ፣ ኃይል ጨመረበትና አማርኛ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ይህችው ቅጽበታዊ ኃይል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ስትዛመት እሰማታለሁ። ሳትለመድ ብንመክርባት ይሻላል።

ስሕተቱ ነገሩን ገልብጦታል። ሞመንተም ቅጽበት አይደለም፤ ቅጽበቱ ካለፈ በኋላም የሚቀጥለው ጉዞ ነው። የላቲኑ ቃል «ማንቀሳቀስ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ሮማውያን ሚዛን የምታጋድለውን ጥቂት ነገርም፣ አጭር ጊዜንም በዚያው ቃል ይጠሩ ነበር። እንግዲህ ተርጓሚው ሰውየውን ፈልጎ ዘመዱን ይዞ መጣ ማለት ነው።

ሌሎቹስ ምን አማራጭ አቀረቡ? አንዳንዱ «ሞመንተም» ብሎ እንዳለ ይተወዋል። የውጭ ቃል ጠላት አይደለሁም። ባንክ፣ ፖሊስና ራዲዮ ከእኛ ጋር አርጅተዋል፤ ማንም ከአገር ይውጡ አይልም። ነገር ግን ቃል የምንበደረው ቤታችን ውስጥ ሲጠፋ ነው፤ ማጀት ውስጥ ያለ ምጣድ ከጎረቤት አይለመንም።

ሌላው «ግስጋሴ» ይላል። ውብ ቃል ናት፤ ሆኖም ገስጋሽ በገዛ እግሩ ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ እርምጃው ላቡን ያስከፍለዋል። ሞመንተም ግን መግፋት ከቀረ በኋላም የሚሄድ ነገር ስም ነው። በዚያ ላይ ግስጋሴ በየመድረኩ፣ በየመፈክሩ ብዙ ስለተለፋባት ደክማለች። «ግለት» እና «ሞቅታ» የሚሉም አሉ፤ እነሱ የደጋፊውን ልብ እንጂ የእጩውን ጉዞ አይነግሩንም። «የእንቅስቃሴ ኃይል» ደግሞ ፊዚክሱንም ያፈርሰዋል። ኃይል ሌላ ነው፤ ሞመንተም የአንድ ነገር ግዝፈት በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኝ ነው።

የእኔ ምርጫ ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው ቃል ነው፤ መንደርደር።

ቦይ የሚዘል ልጅ አይታችኋል? መጀመሪያ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከዚያ ይንደረደራል፤ ከዚያ ይዘላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የተጫነ አይሱዙ አይታችኋል? ሾፌሩ ነዳጅ ባይሰጠውም ይንደረደራል፤ ጭነቱ በከበደ ቁጥር ማቆሙ ይብሳል። ግዝፈትና ፍጥነት ሁለቱም በዚች ግስ ውስጥ አሉ፤ ኒውተንን ሳንጠብቅ አግኝተናቸው ነበር።

ከዚሁ ግስ «መንደርደሪያ» ይወጣል። መንደርደሪያ ዘላዩ የሚሮጥባት አጭር መሬት ናት፤ ተናጋሪው ወደ ዋናው ነገር ከመግባቱ በፊት የሚላት መግቢያም መንደርደሪያ ትባላለች። በተለምዶ ቀድመው የሚመርጡትን አዮዋንና ኒው ሃምፕሻየርን ከዚህ የተሻለ የሚገልጻቸው ምን ቃል አለ? ሁለቱ ለፓርቲው እጩ መምረጫ ጉባኤ የሚልኩት የልዑካን ቁጥር ኢምንት ነው። እጩዎች ግን ብርዱን ችለው አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ የሚመላለሱት ለቁጥሩ ሳይሆን ለመንደርደሪያው ነው። «የመንደርደሪያ ግዛቶች» ብንላቸው አድማጭ ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

አንድ ወዳጄ፣ «ጋሼ፣ መንደርደር ግስ ነው፤ ሞመንተም ግን ስም ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ስም ካማረህ «እንድርድሪት» በል አልኩት። ይሁንና ስሙን ለምን እንፈልጋለን? እንግሊዝኛ ሞመንተምን እንደ ኮት ያስለብሳል፤ እጩው «አለው»፣ «አጣው»፣ «ተነጠቀ» ይባላል። የአማርኛ ጉልበት ግሱ ውስጥ ነው። «ባይደን ከደቡብ ካሮላይና ተንደረደረ» ብሎ መጨረስ እየተቻለ «ቅጽበታዊ ኃይልን ተጎናጸፈ» ማለት በጫማ ላይ ጫማ ማድረግ ነው።

ደግሞም ተንደርድሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆ ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ ወጥቶ ብዙዎች አብቅቶለታል ብለው ነበር። ፌብሯሪ 29 ደቡብ ካሮላይናን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ተፎካካሪዎቹ ወጥተው ደገፉት፤ ማርች 3፣ ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት በሱፐር ማክሰኞ፣ ከ14ቱ ግዛቶች 10ሩን ወሰደ። በሌላ በኩል ጆርጅ ቡሽ አባትየው በ1980 አዮዋ ላይ ሬገንን ሲያሸንፉ «ትልቁ ሞ» ከእኔ ጋር ነው ብለው ፎከሩ። ኒው ሃምፕሻየር ላይ ሬገን ከእጥፍ በላይ በሆነ ድምፅ መለሷቸው። ከጎሃ ጽዮን ተንደርድሮ የወረደ ሁሉ ደጀንን አይወጣም፤ ድልድዩን ካለፉ በኋላ ዳገት አለ።

ዳገቱ ሁለተኛው ቃላችን ነው። የልዑካንን ቆጠራ፣ «ደሊጌት ማት» የሚሉትን፣ ሰሞኑን «ልዑካዊ ማቲማቲክስ» ሲሉት ሰማሁ። እዚህ ላይ ሁለት ቃል እንመርምር።

«ልዑክ» ጥሩ ምርጫ ነው። ከግእዙ ለአከ፣ ከእኛው ላከ የመጣ ነው፤ መልእክትም መልአክም የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን አያንስም ሲባል የሰማ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። «ተወካይ» ካልን የምክር ቤት አባል ይመስላል። «እንደራሴ» ከተባለ ደግሞ ሰውየው እንደ ራሴ ሆኖ ያስብልኛል ማለት ነው፤ ደሊጌቱ ግን አስብልን ተብሎ አልተላከም። ይህን እጩ ምረጥ ተብሎ ተልኳል፤ መልእክቱን አድርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ልዑክ ነው። ቃል ገብቶ የሚሄደውን «ባለቃል ልዑክ»፣ በማዕረጉ የሚገባውንና የፈለገውን የሚመርጠውን «ነጻ ልዑክ» ብንለው ይበቃል። ይህን ሁለተኛውን፣ ሱፐር ደሊጌት የሚባለውን፣ «ልዕለ ልዑክ» የሚሉ አሉ፤ ትንሽ ከገፉበት ሊቀ መላእክት ሊሉት ነው።

«ማቲማቲክስ» ግን ይውጣልን። ሒሳብ አለን፣ ስሌት አለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ያለን ሕዝብ ነን። እዚያ ላይ «ሐሳብ» ቆጠራ ማለት ነው፤ ማሰብና መቁጠር ከአንድ ሥር በቅለዋል። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ስሜቱን የሚጠይቅ መሪጌታ የለም፤ መጥቅዕና አበቅቴ አውጥቶ ይነግርሃል። ሁለቱ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይጎድላል። የሁለት እጩዎች ፉክክርም እንዲሁ ነው፤ ድልድሉ ውስን ስለሆነ አንዱ ያገኘውን ሌላው አያገኝም።

ምሳሌው የ2008ቱ የኦባማና የሂላሪ ክሊንተን ፍልሚያ ነው። ዲሞክራቶች ልዑካኑን የሚያካፍሉት በድምፅ መጠን ነው፤ አብዛኛውን ድርሻ ደግሞ በየምርጫ ወረዳው። አራት ልዑክ ባለው ወረዳ ሁለት እጩዎች ሲፋለሙ ሦስቱን ለመውሰድ ከ62.5 በመቶ በላይ ያስፈልጋል፤ 60 በመቶ ያገኘ አሸናፊ ከተሸናፊው ጋር ሁለት ሁለት ይካፈላል። በሱፐር ማክሰኞ ኒው ጀርሲ ላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው መረጠ፤ ክሊንተን 59 ለ48 አሸንፋ 11 ልዑክ ብልጫ አገኘች። በዚያው ዕለት አይዳሆ ላይ 21 ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ ኦባማ 15 ለ3 ወስዶ 12 በለጠ። ዜናው የኒው ጀርሲን ድል አበሰረ፤ ስሌቱ ግን ወደ አይዳሆ አጋደለ። ማርች 4 ቴክሳስ ላይም ክሊንተን የድምፅ መስጫውን አሸነፈች፤ በተጨማሪ የተካሄደው የመራጮች ስብሰባ (ኮከስ) ውጤት ሲደመር ግን ኦባማ 99 ለ94 በልዑክ መራ።

ያን ክረምት በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የነበረ ሐበሻ ያስታውሰዋል። ፌብሯሪ 12 ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ቀን መርጠው ሦስቱንም ኦባማ ሲወስድ ታክሲ ውስጥም ቡና ቤትም ወሬው መንደርደሩ ነበር። ጥቂቶች ግን ወረቀት አውጥተው ልዑካኑን በተርታ ይደረድሩ ነበር። ክሊንተን ከዚያ በኋላ ኦሃዮንና ፔንሲልቬኒያን ብታሸንፍም እነዚያ አልደነገጡም፤ የቀሩት ወረዳዎች ልዩነቱን እንደማይሞሉት ወረቀታቸው ነግሯቸዋል። ኦባማ የሚፈለገውን 2,118 ያለፈው ጁን 3 ነው።

እነሆ አማርኛ ራሱ ያቀረበልን ጥንድ፤ መንደርደርና መደርደር። ወንድማማች ናቸው ብዬ አልምልም፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ን» ብቻ ናት። አንዱ የቁልቁለቱ ነው፣ ሌላው የቆጠራው። አንዱ ዜና ይሠራል፣ ሌላው እጩ ይሾማል። በጽሑፍ «እንድርድሪት» እና «የልዑካን ስሌት» ብንል ለመዝገበ ቃላትም ይመቻል፤ በንግግር ግን ግሶቹ ይበቁናል። «እጩዋ ተንደርድራለች፣ ልዑኩን ግን ገና አልደረደረችም» ቢባል፣ የትኛዋ አድማጭ እናት ናት የማይገባት?

ማይክሮፎን የያዛችሁ ወገኖቼ፣ ቃል ሲቸግራችሁ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት ቦይ የሚዘል ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ቅጽበታዊ ኃይልን ግን እባካችሁ ለመብረቅ ተዉለት።